ጂምፕ፣ ኢንክስኬፕና ክሪታን ሊኑክስ ላይ በየትኛው መንገድ እንጫን? አፕት፣ ፍላትፓክ፣ ስናፕና አፕኢሜጅ ሲነጻጸሩ

ከኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ እስከ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ፣ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ባሉት ሰፈሮች ባንድ ያገለገለ ላፕቶፕ የሰርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ስቲከርና ባነር የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ላለው ሰው መሣሪያዎቹ በነፃ ቀርበውለታል፦ ለፎቶ ጂምፕ፣ ለሎጎና ለማስታወቂያ ንድፍ ኢንክስኬፕ፣ በእጅ ለመሳል ክሪታ። ገንዘብ የሚያስወጣው ማውረዱ ነው። የሞባይል ጥቅል ሳይታሰብ ያልቃል፣ መብራት ሥራ መሀል ይሄዳል፣ ደንበኛ ደግሞ «ለነገ ጠዋት» ብሎ ይመጣል። ስለዚህ «አዲሱን እትም የሚሰጠኝ የትኛው ነው?» ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት «ማሻሻያው የሚወርድበትን ሰዓት የሚወስነው ማን ነው፤ እኔ ነኝ ወይስ ማሽኑ?» የሚለው ነው። መንገዶቹ ከሁሉ በላይ የሚለያዩት በዚህ ነውና።

ለቸኮለ ሰው ምክራችን እንዲህ ነው። መሠረቱ አፕት፣ ማለትም ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚመጣው የፕሮግራም መጫኛ፣ ይሁን። አዲሱ እትም የግድ የሚያስፈልጋችሁን ፕሮግራም ብቻ ለይታችሁ በፍላትፓክ (ፕሮግራሙን ከሲስተሙ ለይቶ በሚጭነው) ጨምሩ። ክሪታን፣ እንዲሁም በፍላሽ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የምታዞሩትን፣ በአፕኢሜጅ (ፕሮግራሙ በአንድ ፋይል በታሸገበት) ያዙ። ስናፕ (ኡቡንቱ ራሱ የሚጠቀምበትን ማሸጊያ) የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ ልጓም አስገቡለት፤ እንዴት እንደሆነ ከታች አለ። ፒፒኤ (ከኡቡንቱ ዋና ማከማቻ ውጭ አፕት ላይ የሚታከል የፕሮግራም ምንጭ) ለጥቂቶች ነው፤ ከምንጭ ኮድ መገንባት ደግሞ ለፕሮግራመር እንጂ ለዲዛይነር አይሆንም።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የሰፈሩት በአነባበባቸው ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስታስገቧቸው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፣ ክፍተቱንና ሰረዙን ልክ እንደተቀመጠ ጠብቃችሁ ጻፉ። «ሱዶ» ያለበት ሁሉ የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ስትጽፉት ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ ግን እየተቀበለ ነው።

የትኛው እትም ነው የሚደርሳችሁ?

አፕት የሚሰጣችሁ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሲወጣ የነበረውን እትም ነው። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ጂምፕ 2.10.30 እና ኢንክስኬፕ 1.1.2 አለው። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ 24.04 ጂምፕ 2.10.36፣ ኢንክስኬፕ 1.2.2 እና ክሪታ 5.2.2 ይዟል። ሊኑክስ ሚንት 21 በመጀመሪያው፣ ሚንት 22 በሁለተኛው ላይ የተሠሩ ስለሆኑ እትሞቹም እንደዚያው ናቸው። «አፕት አፕግሬድ» የቱንም ያህል ጊዜ ቢታዘዝ ጂምፕ 2.10ን ወደ 3.0 አያሳድገውም፤ የደኅንነትና የስሕተት ጥገና ብቻ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው ብልሽት የሚመስለው ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፦ ዛሬ የሚሠራው ፕሮግራም ነገ ሳይለወጥ እንዲገኝ።

ጂምፕ 3.0 የወጣው መጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 በአፕት ጂምፕ 3.0.4ን ስለሚሰጥ፣ ዴቢያን 13 ያለው ሰው ለጂምፕ ብሎ ሌላ መንገድ መፈለግ አያስፈልገውም። ዴቢያን 12 ግን 2.10.34 ላይ ነው።

የቁጥሩ ልዩነት ሥራችሁን ይነካል ወይ? በሦስት ቦታ ይነካል። የመጀመሪያው ኢንክስኬፕ ላይ ነው። በአንድ ፋይል ብዙ ገጽ መያዝ የተጀመረው በ1.2 ነው። የቢዝነስ ካርድ ፊትና ጀርባ ወይም ባለ ብዙ ገጽ ብሮሸር የምትሠሩ ከሆነ 1.1.2 አይበቃችሁም። በአዲሱ የተሠራን ባለ ብዙ ገጽ ፋይል በ1.1.2 ስትከፍቱ ከመጀመሪያው በስተቀር የቀሩት ገጾች ከወረቀቱ ውጭ የተቀመጡ ነገሮች መስለው ይታያሉ፤ ፒዲኤፍ ስታወጡም ይቀራሉ።

ሁለተኛው ጂምፕ ላይ ነው። ጂምፕ 3.0 ማጣሪያዎችን ዋናውን ፎቶ ሳይነካ ንብርብሩ ላይ ያስቀምጣል፤ በኋላ ተመልሶ ማስተካከል ይቻላል። ነገር ግን በዚህ መልክ የተቀመጠን ኤክስሲኤፍ (የጂምፕ የራሱ) ፋይል 2.10 አይከፍተውም። አብሯችሁ የሚሠራው ሰው 2.10 ላይ ከሆነ እናንተ ብቻችሁን ወደ 3.0 ማለፋችሁ ሥራ ያቆማል። ወይ ሁለታችሁም እለፉ፣ ወይ ሁለታችሁም ቆዩ።

ሦስተኛው የኅትመት ቀለም ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲኤምዋይኬ (በአራቱ የኅትመት ቀለሞች የተዘጋጀ) ፋይል አምጡ ካለ፣ ጂምፕ 2.10 በራሱ ማውጣት አይችልም። 3.0 ቲፍ፣ ጄፔግና ፒኤስዲን በሲኤምዋይኬ ማውጣት ይችላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን የሚሠራው አሁንም በአርጂቢ፣ በስክሪን ቀለም፣ ነው። ክሪታ ገና አዲስ ፋይል ሲከፈት ጀምሮ በሲኤምዋይኬ መሥራት ይችላል። ለፒዲኤፍ ትክክለኛው መሣሪያ ስክሪበስ የሚባለው የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው፤ እሱም በአፕት አለ። ለዚህ ብሎ የጂምፕን እትም ማሳደድ ሁልጊዜ አስፈላጊ አይደለም።

ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የትኛው እትም እንደሚጫን ሳታወርዱ ለማወቅ «አፕት ፖሊሲ ጂምፕ» ብላችሁ ጻፉ። «ካንዲዴት» የሚለው መስመር ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው።

አፕት፦ ቀላሉ፣ ግን መብራት የሚጎዳው

በዳታ ፍጆታ አፕትን የሚያህል የለም። ፕሮግራሞቹ ሲስተሙ ውስጥ ያሉትን የጋራ ላይብረሪዎች (ብዙ ፕሮግራሞች አብረው የሚገለገሉባቸውን ክፍሎች) ስለሚጠቀሙ የሚወርደው የጎደለው ብቻ ነው። «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጂምፕ ኢንክስኬፕ»። ሁለተኛው ትእዛዝ ከመጀመሩ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚወርድና ዲስክ ላይ ስንት እንደሚይዝ ይነግራችኋል፤ ያንን ሳያነቡ እሺ ማለት የለም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ራሱም ዳታ ይበላል፤ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ነው የሚያወርደው፣ አዲስ በተጫነ ሲስተም ላይ በአሥር ሜጋባይቶች ይቆጠራል። በየቀኑ ማዘዝ አያስፈልግም፤ ልትጭኑ ወይም ልታዘምኑ ስትሉ ብቻ በቂ ነው።

የአፕት ደካማ ጎን መብራት ነው። ማውረዱ መሀል ላይ ቢቋረጥ ችግር የለም፤ ተመሳሳዩን ትእዛዝ ስትደግሙ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚያስቸግረው ከወረደ በኋላ ፋይሎቹ እየተበተኑና እየተስተካከሉ እያለ ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ሲጠፋ ነው። ፓኬጁ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይቀራል፤ ቀጥሎ የምታዙት ሁሉ ስሕተት ይሰጣል። መድኃኒቱ በቅደም ተከተል ሁለት ነው፦ መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ካልበቃ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ይበቃል።

ከዚህ የሚሻለው ማውረዱንና መጫኑን መለየት ነው። «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ ጂምፕ» ብላችሁ በሌሊት ጥቅል አውርዱ። መብራቱ የተረጋጋ ሲመስል፣ ወይም የላፕቶፑ ባትሪ ሲሞላ፣ ያለ ኢንተርኔት «ሱዶ አፕት-ጌት ኢንስቶል ጂምፕ» በሉ፤ በደቂቃዎች ያልቃል። እዚህ ጋ «አፕት-ጌት» ያልነው በምክንያት ነው። «አፕት» የወረዱትን ፋይሎች ጭኖ ሲጨርስ ይሰርዛቸዋል፤ «አፕት-ጌት» ግን ያቆያቸዋል። አንድ ዓይነት ኡቡንቱ ያለው ሁለተኛ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው የፎልደር መንገድ ውስጥ የተቀመጡትን ፋይሎች በፍላሽ ወስዳችሁ እዚያም በተመሳሳይ ፎልደር ብታስቀምጧቸው ዳግመኛ ማውረድ አይኖርም። ሦስትና አራት ኮምፒውተር ላለው ቤት ግን አፕት-ካሸር-ኤንጂ የሚባለውን ትንሽ ሰርቨር በአንዱ ላይ መጫን ይሻላል። በፖርት 3142 ይሠራል፤ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ይወስዳሉ።

«ሎክ» የሚል ቃል ያለበት ስሕተት ቢመጣ አትደንግጡ፣ ፋይሉንም አትሰርዙ። ሲስተሙ ከበስተጀርባ የደኅንነት ማሻሻያ እያወረደ ስለሆነ ነው። ጠብቁት። በሆትስፖት ላይ ሆናችሁ ይህ ዳታችሁን እየበላ ከሆነ፣ ከ«ሶፍትዌርና ማሻሻያዎች» ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ራሱን እንዳያወርድ፣ ማሳወቅ ብቻ እንዲያደርግ አስተካክሉት።

ፍላትፓክ፦ አዲስ እትም፣ ከባድ የመጀመሪያ ቀን

ፍላትፓክ ፕሮግራሙን ከሲስተሙ ለይቶ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ያመጣዋል። ስለዚህ ኡቡንቱ 22.04 ላይም ጂምፕ 3ን ታገኛላችሁ። ሊኑክስ ሚንት ውስጥ ገና ከመጫኑ አብሮ አለ፤ የሚንት የማሻሻያ ሥራ አስኪያጅም ከ21.1 ጀምሮ ፍላትፓኮችን አብሮ ያሳያል። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፍላትፓክ» ብላችሁ፣ ፍላትሀብ በሚባለው የፍላትፓክ ፕሮግራሞች ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ለኡቡንቱ የተጻፈውን የማከያ መስመር ቀድታችሁ ተርሚናል ላይ ለጥፉ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሡ። ሳታስነሡ ብትጭኑ ይጫናል፤ ምልክቱ ግን ሜኑ ውስጥ አይታይም፣ ሰውም «አልተጫነም» ብሎ ደግሞ ለማውረድ ይነሣል።

«ፍላትፓክ ኢንስቶል ፍላትሀብ ጂምፕ» ስትሉ ከፕሮግራሙ ጋር «ራንታይም» የሚባል መደብ አብሮ ይወርዳል። ጂምፕና ኢንክስኬፕ የጂኖምን መደብ፣ ክሪታ የኬዲኢን መደብ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ጭነት ከመደቡ ጋር ግማሽ ጊጋባይትን በቀላሉ ያልፋል። ኢንክስኬፕን ቀጥላችሁ ስትጨምሩ፣ የሚፈልገው የመደብ እትም አንድ ከሆነ፣ መደቡ ስላለ የሚወርደው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። እትሙ ከተለያየ ግን ሌላ መደብ ይመጣል። ሦስቱንም በፍላትፓክ አታድርጉ የምንለው ለዚህ ነው። ክሪታ ብቻውን ለራሱ ሌላ ትልቅ መደብ ያስወርዳል።

ከመጫኑ በፊት የሚታየው ሠንጠረዥ ላይ ከመጠኑ ፊት «ከዚህ ያነሰ» የሚል ምልክት አለ። ትርጉሙ ጣሪያው ይህ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ይወርዳል። በማሻሻያ ጊዜም የሚወርደው የተለወጠው ክፍል ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን ያህል አያስፈራም።

በመብራት ረገድ ፍላትፓክ ከአፕት በግልጽ ይበልጣል። አዲሱ እትም ሙሉ በሙሉ ወርዶ እስኪያልቅ ድረስ አሮጌው ሳይነካ ይቆያል፤ መለወጡ የሚሆነው መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ነው። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ጂምፕ እንደ ትናንቱ ይከፈታል፣ የወረደውም ቁራጭ አይጠፋም። ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ለሚሠራ ሰው ይህ አንዱ ብቻ ፍላትፓክን ለመምረጥ በቂ ምክንያት ነው።

ሰዓቱንም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፦ «ፍላትፓክ አፕዴት» ካላላችሁ ከራሱ ተነሥቶ አያወርድም። ነገር ግን የሶፍትዌር መደብሩ ፕሮግራም ከበስተጀርባ ሊያዘምን ስለሚችል፣ በዋይፋይ ቅንብር ውስጥ የስልካችሁን ሆትስፖት «ሜተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። የአንድሮይድ ሆትስፖትን ኔትወርክ ማኔጀር፣ የሊኑክሱ የኔትወርክ አስተዳዳሪ፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ያውቀዋል፤ ግን አይታችሁ አረጋግጡ። ሥራ በበዛበት ሰሞን አንድ ፕሮግራም እንዳይለወጥ ከፈለጋችሁ «ፍላትፓክ ማስክ» ከፕሮግራሙ ሙሉ መለያ ስም ጋር ያስቆመዋል። መለያው «ፍላትፓክ ሊስት» ስትሉ ይታያል።

የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ላይ አንድ የተደበቀ ወጪ አለ። የሲስተሙ ድራይቨር በተለወጠ ቁጥር ፍላትፓክም ከእሱ ጋር የሚገጥም የራሱን የድራይቨር ቅጂ ያወርዳል፤ አሮጌውም ሊከማች ይችላል። በየጊዜው «ፍላትፓክ አንኢንስቶል --አንዩዝድ» በሉ። ዲስክ ሞላ ተብሎ ከሚመጡት ላፕቶፖች በጥቂቶቹ ላይ ያለው እውነተኛ ምክንያት ይኸው የቆየ መደብ ክምችት ነው።

ማከያዎች ላይም ተጠንቀቁ። በአፕት የተጫነው የጂሚክ ማከያ (የማጣሪያዎች ስብስብ) በፍላትፓክ ጂምፕ ውስጥ አይታይም፤ ከፍላትሀብ የራሱን መጫን ያስፈልጋል፣ ለ3.0 የተሠራውን መርጣችሁ። ለ2.10 የተጻፉ የቆዩ ማከያዎችና ስክሪፕቶች ካልተስተካከሉ በ3.0 አይሠሩም። በእነሱ የምትተማመኑ ከሆነ 2.10ን አታጥፉ። ሁለቱ ቅንብራቸውን በየእትም ቁጥራቸው ለይተው ስለሚያስቀምጡ አብረው መኖር ይችላሉ። የትኛው ፎልደር እንደሆነ ለማወቅ ከጂምፕ ምርጫዎች ውስጥ ስለ ፎልደሮች የሚናገረውን ክፍል ክፈቱ።

ስናፕ፦ ሳታስቡት የጫናችሁት

ኡቡንቱ 24.04 ላይ በመደብሩ ገብቶ «ጫን» የሚለውን የሚጫን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ስናፕ ነው። «ስናፕ ሊስት» ብላችሁ አረጋግጡ። ሊኑክስ ሚንት ከ20ኛው እትም ጀምሮ ስናፕን ዘግቶታል።

ስናፕ በራሱ መጥፎ አይደለም። ማሻሻያው ችግር ካመጣ «ሱዶ ስናፕ ሪቨርት ኢንክስኬፕ» ወደ ቀደመው ይመልሳችኋል፤ ይህንን የመሰለ ቀላል መመለሻ አፕት የለውም። ለእኛ አካባቢ የማይስማማው በቀን አራት ጊዜ ራሱ ተነሥቶ ማሻሻያ መፈለጉ፣ ካገኘም ማውረዱ ነው። በ«ሜተርድ» ግንኙነት ላይም ቢሆን ካልከለከላችሁት ይቀጥላል። ልጓሙ ይኸውላችሁ፦ «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ.ሜተርድ=ሆልድ»። ይህ በሆትስፖት ላይ ስትሆኑ ያቆመዋል፤ በሚገባ ዋይፋይ ላይ ስትሆኑ ይቀጥላል። ሙሉ በሙሉ በእጅ ለማድረግ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ» አለ። ይህን ሁለተኛውን ከመረጣችሁ ግን አንድ ግዴታ ይዞ ይመጣል፦ ኡቡንቱ ላይ ፋየርፎክስም ስናፕ ስለሆነ የእሱም የደኅንነት ማሻሻያ ይቆማል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ጥሩ ኔትወርክ ባለበት ቦታ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» ማለት አለባችሁ። ይህን ለማስታወስ የማትችሉ ከሆነ የመጀመሪያው ልጓም ይብቃችሁ።

አሮጌ እትሞችን ዲስክ ላይ ያቆያል፤ ሃርድ ዲስኩ ባለ መዘውር በሆነ የቆየ ላፕቶፕ ላይ ከኮምፒውተሩ መነሣት በኋላ የመጀመሪያው አከፋፈት ይዘገያል። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣውን ፋይል «ማየት አልችልም» ካላችሁም ብልሽት አይደለም፤ ፈቃድ ነው። «ሱዶ ስናፕ ኮኔክት ኢንክስኬፕ፡ሪሙቨብል-ሚዲያ» ይፈታዋል፤ በመሀሉ ያለው ምልክት ላይና ታች ሁለት ነጥብ ነው።

አፕኢሜጅ፦ አንድ ፋይል፣ አንድ ፕሮግራም

የክሪታ ሠሪዎች ራሳቸው ለሊኑክስ የሚያወጡት አፕኢሜጅ ነው፤ ኢንክስኬፕም አለው፤ ጂምፕ ከ3.0 ጀምሮ ጨምሮታል። መጫን የሚባል ነገር የለውም፤ አውርዳችሁ የመሥራት ፈቃድ ትሰጡታላችሁ፣ ትከፍቱታላችሁ። ፋይሉን በቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ ከባሕርያቱ ውስጥ «እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ ፍቀድ» የሚለውን ማብራት ይበቃል። ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው፤ ምንም ነገር በራሱ አይለወጥም። የዚህ ሌላኛው ገጽታ ማሻሻያ እንዳለ የሚነግራችሁ አለመኖሩ ነው፤ በየጊዜው ወደ ድረ ገጹ ሄዶ ማየት የእናንተ ሥራ ይሆናል።

በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ያለውን ፋይል በብራውዘር አታውርዱ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ብዙ ጊዜ ከዜሮ ያስጀምራል። «ደብሊውጌት -ሲ» ብላችሁ ሊንኩን ከኋላው ለጥፉ፤ ቢቋረጥም ትእዛዙን ስትደግሙ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ተጫኑት ምንም አይከፈትም። ብዙ አፕኢሜጆች ሊብፊውዝ2 የሚባለውን ላይብረሪ ይፈልጋሉ፣ ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ደግሞ አብሮ አይመጣም። በ22.04 «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብፊውዝ2»፣ በ24.04 ደግሞ ስሙ ሊብፊውዝ2ቲ64 ነው። «ሊብ» የሌለበትን «ፊውዝ» የሚባለውን ፓኬጅ በስሕተት አትጫኑ፤ አዲሱን ፊውዝ3 ያስወጣና ከእሱ ጋር የዴስክቶፑን አስፈላጊ ክፍሎች ይዞ ይሄዳል። አፕት «እነዚህ ይወገዳሉ» ብሎ ዝርዝር ካሳያችሁ እዚያው አቁሙ። ሁለተኛው፣ ከፍላሽ ላይ በቀጥታ ለመክፈት መሞከር ነው። ፋት32 የሆነ ፍላሽ የመሥራት ፈቃድን አይይዝም፤ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱት፣ ፈቃዱን እዚያ ስጡት።

ፒፒኤ

ኢንክስኬፕ የራሱ ፒፒኤ አለው፣ ክሪታም እንዲሁ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የአፕትን ቀላል ክብደት ከአዲስ እትም ጋር ያገናኛል። ጣጣው የሚመጣው ከ22.04 ወደ 24.04 ስታልፉ ነው። በሽግግሩ ጊዜ ፒፒኤው ይዘጋል፤ ከእሱ የመጡት ላይብረሪዎች ግን ከአዲሱ ሲስተም ቁጥር ከፍ ያሉ ሆነው ይቀሩና እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከመሻገራችሁ በፊት ፒፒኤ-ፐርጅ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ኡቡንቱ እትም ተመለሱ። ይህን ለማድረግ የማትደክሙ ከሆነ ብቻ ተጠቀሙበት።

ሁሉም እንቢ ሲል፦ ሰዓቱን እዩ

አፕት «የሪሊዝ ፋይሉ ገና አልደረሰም» የሚል ስሕተት ሲያመጣ፣ ፍላትፓክና ብራውዘሩም ስለ ሰርተፍኬት ሲያማርሩ፣ ኔትወርኩን ከመውቀስ በፊት ቀኑን ተመልከቱ። እዚህ አገር ሁለት ምክንያት አለው። ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ሞታ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል። ባትሪዋ ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ነች፤ ዴስክቶፕ ላይ በቀላሉ ትቀየራለች።

ሌላው ሰዓቱን በእጅ በእኛ አቆጣጠር ማስተካከል ነው። ዓመቱን በዓመተ ምሕረት የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል፤ የዛሬው ሰርተፍኬት በሙሉ ለእሱ ገና አልተሰጠም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ 2:00 ብሎ የሞላም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ብራውዘሩ ይሠራለታል፤ አፕት ግን ከጥቂት ሰዓት በፊት የወጣን ዝርዝር «ከወደፊት የመጣ» አድርጎ አይቀበልም። ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሽ ቀን እንቢ የሚለው አፕት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። የጊዜ ክልሉን አፍሪካ፣ አዲስ አበባ አድርጋችሁ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ» በሉ፤ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ራሱ ያስተካክላል።

የአማርኛ ፊደልና አጻጻፍ

መንገዱን ከመረጣችሁ በኋላ፣ የደንበኛ ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት፣ አማርኛውን ፈትኑ። ከአፕት ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ አቢሲኒካን፣ ፎንትስ-ኖቶ-ኮር ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክንና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ይሰጧችኋል። ፍላትፓክም ሆነ ስናፕ የሲስተሙን ፎንቶች ያያሉ፤ አዲስ ፎንት ስትጨምሩ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ የደንበኛ ፋይል ግን በየትኛውም መንገድ ብትጭኑ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና ከመጻፍ ወይም በመቀየሪያ ከማሳለፍ ሌላ መንገድ የለም።

ለመጻፍ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን የአጻጻፍ መሣሪያ ጫኑና ከግቤት ምርጫዎች «ሴራ» የሚባለውን፣ በላቲን ቁልፎች አማርኛ የሚጻፍበትን ዘዴ አክሉ። ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ነው። በአፕት የተጫነ ፕሮግራም ከአይባስ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል፤ የታሸጉት ሦስቱ ግን የየራሳቸውን ላይብረሪ ይዘው ስለሚመጡ አንዳንዴ አይግባቡም። ተርሚናል ላይ አማርኛ እየጻፈ ጂምፕ ውስጥ ላቲን ብቻ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ «አይባስ ሪስታርት» በሉና ፕሮግራሙን እንደገና ክፈቱ። እሱም ካልሠራ ጽሑፉን በሊብሬኦፊስ ጽፋችሁ መለጠፍ ለዛሬ ያሳልፋል፤ ጽሑፍ የሚበዛበት የዘወትር ሥራ ላላችሁ ግን እትሙ ቢያረጅም የአፕቱን ኢንክስኬፕ መያዝ ይሻላል። ማተሚያ ቤት የምትልኩትን ቅጂ ኢንክስኬፕ ውስጥ ጽሑፉን በሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ላኩ፤ ፎንቱ እነሱ ዘንድ ባይኖርም አይበላሽም። ዋናውን፣ ጽሑፉ ሊታረም የሚችለውን ኤስቪጂ ግን ለራሳችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አንዴ ቅርጽ የሆነ ስም ላይ የፊደል ስሕተት ማረም አይቻልም።